ዓርብ ዓርብ የምትገድፍ ላም

ቢሾፍቱ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዋሲሁን፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስልህ ታምሜ አልተኛሁም ለማለት እንጂ ደልቶኛል ለማለት አይደለም። በስልክ መነጋገሩን እንተወው ያልከው ልክ ነህ። ባለፈው ሳምንት ስንጯጯህ የሰሙት አከራዬ እትዬ አባይነሽ፣ ባልሽ ጆሮው ይከብደዋል እንዴ ብለው ጠይቀውኛል። ወረቀት ላይ መጮህ ስለማይቻል ወረቀት ይሻለናል። የናሙናው ካርቶን ሰኞ ሰኞ በአውቶቡስ ሲመጣ ያንተን ደብዳቤ ያመጣልኛል፤ ባዶውን ካርቶን ስመልስ የእኔን እልክልሃለሁ።

የመጀመሪያው ካርቶን ደርሷል። እበቱ ጥሩ ደርቋል፣ ከረጢቱም አልተቀደደም። አማካሪዬ ዶክተር በላይነህ አገላብጠው አይተው ማን እንዳደረቀው ሲጠይቁኝ ባለቤቴ ነው አልኳቸው። ለዶክትሬቴ የሚሆነው ሥራ ግማሹ ሀዋሳ በአንተ እጅ፣ ግማሹ እዚህ ላቦራቶሪ በእኔ እጅ መሆኑን ሲሰሙ "ታድለሻል" አሉኝ። ደስ አለኝ።

ላም ጠባቂው ማርቆስ፣ ዱቄቱን ለምን በቀን ሁለቴ እናስውጣቸዋለን፣ አንዴ አይበቃም ወይ እያለ እንዳስቸገረህ ጽፈሃል። እንዲህ በለው። ላም ስንት እንደበላች አትናገርም፤ መስክ ላይ የጋጠችውንም ማንም አይመዝንላትም። ስለዚህ አረንጓዴውን ዱቄት በወረቀት ጠቅልለን እናስውጣታለን። ዱቄቱን ሆዷ አይፈጨውም፣ የገባው ሁሉ ከእበቷ ጋር ይወጣል። ብዙ የበላች ላም ብዙ እበት ትጥላለች፣ ዱቄቱም በብዙው እበት ውስጥ ይሳሳል። ጥቂት ከበላች ይወፍራል። እኔ እዚህ መሳሳቱንና መወፈሩን ለክቼ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ የበላችውን ሣር አሰላለሁ። ይህ ሁሉ የሚያምረው ታዲያ ዱቄቱ እኩል እኩል ተከፍሎ፣ ጠዋትና ማታ፣ በሰዓቱ ሲዋጥ ነው። አንድ ቀን ከተዛነፈ እኔ እዚህ የማሰላው ተረት ነው። ማርቆስ ካልገባው አንተ ብቻ ይግባህ።

እዚህ ማሽኑን ቀን ቀን ሌሎች ስለሚይዙት የእኔ ተራ ሐሙስ ማታ ነው። ዶክተር አቤል የሚባል ተመራማሪ አለ፤ እሱም ሐሙስ ሐሙስ የራሱን ሥራ ይዞ ያመሻል። ስንጨርስ በመኪናው ቤቴ በር ድረስ ያደርሰኛል። ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። በከረጢቶቹ ላይ የላሞቹን ስም የጻፈው እጅ ያንተ አይደለም። ያንተን ጽሕፈት ዶሮ ከጫረችው አልለየውም፤ ይሄ ግን ክብ ክብ ያለ፣ የተረጋጋ፣ የሴት ጽሕፈት ነው። "ቡሬ" ሲል ፊደሏን ጅራት ቢጤ ቀጥሎላታል። እበት ለሚታጨቅበት ከረጢት ይህን ያህል ማሳመር ምን አስፈለገ? የማን ነው?

ዮርዳኖስ

ሀዋሳ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮርዲ፣

ናፍቆቴን በኪሎ ቢመዝኑት ኖሮ የአውቶቡሱ ረዳት ይህን ካርቶን አልጭንም ይለኝ ነበር። እማዬ ሰላም ብላሻለች። መናኸሪያ ያለው ሱቋ ገበያ ቀዝቅዞባታል፤ ዋናው ጭንቀቷ ግን አንቺ እዚያ ምን እንደምትበዪ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ ሚስትህ መቼ ትመጣለች ይለኛል። ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ አልፋቸዋለሁ።

ጽሕፈቱ የሩታ ነው። ሩታ እርሻው ከኅዳር ጀምሮ የቀጠራት የእንስሳት ሐኪም ናት። የእኔ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ስለሆነ እኮ ነው እሷ የጻፈችልሽ፤ በሠራሁት ልመሰገን ሲገባ ተከሰስኩ። እኔ አስውጣለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ማርቆስ እበት ያነሳል። የሚቀጥለው ጥያቄሽ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ወረቀት ላትርፍልሽ፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ቁመቷ ከአንቺ ያንሳል።

የሐይቁ ዳር መስክ ቢጫ ሆኗል። ላሞቹ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ፤ ምን እንደሚያገኙ ግን እግዜር ይወቅ። ዳለቻ ማስዋጫውን ቧንቧ ስታይ መሸሽ ጀምራለች። ቡሬ ግን አፏን ራሷ ትከፍታለች፤ ከሰውም እንደሷ ያለ የለም።

አሁን ወደ እኔ ጥያቄ። "ከሌላ ሰው እንዳትሰማው" ያልሽው ነገር ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም። ሌላ ሰው የሚያወራው ምን አለ? ዶክተር አቤል የተባለው አግብቷል? መኪናው የመንግሥት ነው የራሱ? የሰው ሚስት እያመሸ ማድረስ ሥራው ነው ወይስ ትርፍ ሰዓት ይታሰብለታል? እኔና አንቺ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተምረን፣ አንቺ ዶክተር ልትሆኚ ነው፣ እኔ የላም አፍ እየከፈትኩ ነው። ይህን ስል እየቀናሁ አይደለም። ደግሞ እየቀናሁ ነው። ለአቤል ሰላም በይልኝ፤ ግን አታብዢው።

ያንቺው ዋሲሁን

ቢሾፍቱ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዋሲሁን፣

ስላዘገየሁት ይቅርታ። ባለፈው ካርቶን ሳልጽፍልህ የቀረሁት ተናድጄ ነበር፤ ተናድጄ የጻፍኩትንም ቀድጄ ጣልኩት። "ቁመቷ ከአንቺ ያንሳል" ለማለት ቁመቷን መቼ ለካህ?

አዎ፣ አቤል አላገባም። አዎ፣ መኪናው የራሱ ነው። ራት አብረን በልተን እንደሆነም መጠየቅህ አይቀርም፤ ማሽኑ አጠገብ ቆመን በቂጣ ሻይ ጠጥተናል፤ እሱን ራት ካልከው በልተናል። ትርፍ ሰዓት አይታሰብለትም።

ስለሱ ሌላ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ፣ እሱ ግን አንተ ከምትፈራው የባሰ ነው። በሦስቱ ላሞች አንገት ላይ እንድታስርልኝ የላክሁልህ መሣሪያ የአቤል ነው። ላሟ ሣር ስትነጭ የሚሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ንጨቱን ይቆጥራል፣ ከዚያ ስንት እንደበላች ይገምታል። ዱቄት የለ፣ እበት የለ፣ ማታ መነሳት የለ። ዶክተር በላይነህ ትናንት ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠርተው፣ የእኔ ዱቄትና የእሱ መሣሪያ በእነዚሁ ላሞች ላይ ይመዘናሉ አሉ። የእኔ ቁጥር ከጸና የበጋው ሥራ ምዕራፍ ሆኖ በስሜ ይገባና ሰኔ ላይ እመረቃለሁ። ካልጸና የበጋው ሥራ ለአቤል ይሄዳል፣ እኔ ሌላ በጋ እጠብቃለሁ። ሌላ በጋ ማለት እኔ እዚህ አንተ እዚያ ሌላ ዓመት ማለት ነው። አቤል ሲወጣ "አይዞሽ" አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ሊያሸንፍ እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። እኔም እቀናለሁ ዋሲሁን፤ በዚያ ፕላስቲክ በተለበጠ ማሰሪያ እቀናለሁ።

ስለዚህ ምንም ሳይዛነፍ አስውጣልኝ። ሩታ ትጻፍ፣ ግድ የለኝም፤ የላሟን አፍ ግን ማርቆስ ይያዝልህ። ሁለት ሰው አንድ ላም አፍ ላይ ሲያጎነብስ ግንባር ለግንባር መጋጨቱ አይቀርም። እኔና አንተም የተጋባነው እንደዚያ ተጋጭተን ነው።

ዮርዲ

ሀዋሳ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮርዲ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ሐሙስ ደውለሽ ስልኬ ዝግ የሆነብሽ ባትሪ ጨርሼ ነው። አስቸኳይ ነገር ኖሮ ነው ወይስ እንዲያው ድምፄን ለመስማት? ለመስማት ከሆነ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ከስምምነታችን ውጪ የደወልሽው አንቺ ብትሆኚም ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ።

እንዳልሽው የላሞቹን አፍ ማርቆስ ይይዛል። ሩታ ጠዋት ለቀኑ የሚሆነውን ከረጢት ሁሉ ጽፋ ትሄዳለች። አንቺ ደስ እንዲልሽ ብዬ ከላሞቹ አርቄያታለሁ፤ ምን አደረግኩህ ብላኛለች። ሚስቴ ጽሕፈትሽን አይታ ነው ልላት አልኩና ተውኩት።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም፤ ቀንቻለሁ። እንደ ቀልድ የጀመርኩት ነገር አሁን ቀልድ አይደለም። ሰው ምሳ ሲያቀርብልኝ አቤል "አይዞሽ" ያለበት ድምፅ ይመጣብኛል፤ ድምፁን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። በቂጣ ሻይ ጠጣን ማለትሽ ራት በላን ከማለት የባሰ ነው። ራት ሰው ከማንም ጋር ይበላል፤ ቆሞ ሻይ መጠጣት ግን የለመዱት ሰው ይፈልጋል።

ግቢያችሁ ውስጥ መብራቱ ሲመሽ ስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው? የምጠይቅሽ ስለ ደኅንነትሽ ነው። ዘበኛውስ ደህና ሰው ነው?

ዋሲሁን

ቢሾፍቱ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዋሲሁን፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስለ ዘበኛው ላመሰግንህ ይገባል፤ ደህና ሰው ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ የአንተ ደህና መሆን ነው።

ትናንት ማታ እስከ ዛሬ የላክሃቸውን ናሙናዎች ቁጥር አንድ ላይ ደርድሬ አየሁት። ከጥር መጨረሻ ወዲህ ላሞችህ አዲስ ሃይማኖት ይዘዋል። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ሰው የሚያምነውን ያህል ይበላሉ። ሐሙስ ማታ ዱቄቱ በእበታቸው ውስጥ እንደ ጭቃ ይወፍራል፤ እንደ ስሌቴ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምሱ ውለዋል ማለት ነው። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ዱቄቱ ተሟጥጦ ይጠፋል፤ እንደ ስሌቴ ከሆነ አንዷ ላም ብቻዋን የዝሆን ቀለብ ጨርሳለች። ቡሬም፣ ዳለቻም፣ ሁሉም። የክርስቲያን ላም እንዴት ዓርብ ዓርብ ትገድፋለች? ዶክተር በላይነህ አይተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከቢሯቸው ወጥቼ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ዓርብ ጠዋት ዱቄት ከጠፋ ሐሙስ ማታ የሚያስውጥ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ሐሙስ ማታ የት ነህ?

እናትህ እማማ ሙሉጌጥ ጋ ደወልኩ። ሐሜት ፈልጌ አይደለም፤ ሰላም ልላቸው ብዬ ነው፤ እሺ፣ ሐሜት ፈልጌ ነው። "ሐሙስ ሐሙስማ እርሻ ያድራል፤ የሚወልዱ ላሞች አሉ ብሎኛል" አሉኝ። የምትወልድ ላም የለችህም። የላሞቹን ሆድ ከአንተ እኩል አውቀዋለሁ፤ ሁሉም የሚታለቡ ናቸው። እናትህን ዋሽተሃል። ስልክህ ሐሙስ ብቻ ነው ባትሪ የሚጨርሰው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በአንድ ቃል መልስልኝ። ሩታ ሐሙስ ማታ የት ናት? ቁመቷ ከእኔ የሚያንሰው፣ ያላገባችው፣ የላም ስም ላይ ጅራት የምትቀጥለው ልጅ ሐሙስ ማታ የት ነው የምታመሸው? እኔ ዓይኔ እስኪጠፋ የአንተን እበት ስፈጭ፣ አንተ የእኔን ዶክትሬት ትተህ ማንን ይዘህ ሐይቅ ዳር ትዞራለህ? ዓሣ ትበላላችሁ? እኔን ጾም ሲፈታ እንኳ አላበላኸኝም።

ዮርዳኖስ

ሀዋሳ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮርዳኖስ፣

ዛሬ ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ሩታ ሐሙስ ማታ የት እንደምታመሽ አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም፣ አልጠይቃትምም። ከእሷ ጋር ዓሣ አልበላሁም፣ ሐይቅ ዳርም አልዞርኩም። በልጄ እንዳልምልልሽ ልጅ የለንም፤ በእናቴ እምላለሁ።

ላሞቹ ዱቄቱን ሁልጊዜ ውጠዋል። ቀን የጎደለባቸው የለም። ከሸንበቆው ሥር ለምለም ሣር አለ፤ ማርቆስ ሐሙስ ሐሙስ ወደዚያ እየነዳቸው ይሆናል። ማሽኑስ ሊሳሳት አይችልም? ቁጥሩን አብሮሽ ያነበበው ማነው? የአንቺ ቁጥር ሲበላሽ ማን እንደሚጠቀም አስበሽዋል? እኔ ላይ ከመጮህሽ በፊት አጠገብሽ ያለውን ሰው እይው።

እናቴ ጋ ደውለሽ ስለ እኔ መመርመርሽ አሳፍሮኛል። እሷ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ባልሽን ትጠረጥሪያለሽ፣ አንቺ ግን ማንም ሊጠረጥርሽ አይገባም። እኔ ከእርሻ የምገባው እበት እበት እየሸተትኩ ነው፣ በሰው ኮት ተጠቅልዬ እየሳቅኩ መኪና ውስጥ አልገባም። ከዚህ በላይ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል፣ ሆድ ይፍጀው።

ዋሲሁን

ቢሾፍቱ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዋሲሁን፣

ደብዳቤህን ሰኞ ማታ አነበብኩት፣ ማክሰኞም አነበብኩት። ከሸንበቆው ሥር ያለውን ሣር ተወው። የአቤል መሣሪያ ሐሙስም ዓርብም የላሞቹ ንጨት እንደ ሌላው ቀን ነው ይላል። የተበላሸው የሚበሉት ሳይሆን የሚውጡት ነው።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ኮት።

የሰው ኮት ትከሻዬ ላይ ያረፈው በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። የካቲት 6 ሐሙስ ማታ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። አቤል ኮቱን ሰጠኝ፣ ከላቦራቶሪው በር እስከ መኪናው ሮጥን፣ ጭቃው አንሸራቶት ሊወድቅ ሲል ሳቅሁ። ኮቱን መኪናው ውስጥ መለስኩለት። ይህን ለአንተ አልጻፍኩም። ለእትዬ አባይነሽ አልነገርኩም። ዘበኛው ዝናብ ሸሽቶ ጎጆው ውስጥ ነበር። ያንን ኮት ያየ ሰው ከበሩ ማዶ ቆሞ ዝናብ ሲመታው የነበረ ሰው ነው።

መምጣትህ ሲገባኝ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ፣ አፍራለሁ ግን ልንገርህ። ደስ አለኝ። ሩታ የለችም። ማንም የለም። ባሌ አገር አቋርጦ የመጣው እኔን ለማየት ነው ብዬ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። እትዬ አባይነሽ ምን ነካሽ አሉኝ። ሳምንት ሙሉ ሩታን በልቤ ሳቃጥል የነበርኩት ሴት፣ ባሌ በእኔ በመቅናቱ ዘፈን ማዜም ብቻ ቀረኝ።

ከዚያ ወደ ቁጥሮቼ ተመለስኩ፣ ደስታዬም አለቀ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ አንተ እኔን "አጠገብሽ ያለውን ሰው እይው" አልከኝ።

ስንት ሐሙስ መጣህ? ላሞቹ "ቀን የጎደለባቸው የለም" ስትል ምን ማለትህ ነው? አንተ እዚህ ከነበርክ ማታ ማን አስዋጣቸው? እባክህ ማርቆስ ነው በለኝ። ማርቆስ አስውጧቸው ሰዓቱን ስቶ ይሆናል፣ ያን ማስተካከል ይቻላል። ሌላ ነገር ከሆነ ግን እውነቱን ጻፍልኝ፤ ዶክተር በላይነህ መጋቢት ላይ ሁሉንም ሰብስበው ቁጥሩን ያያሉ።

ዮርዳኖስ

ሀዋሳ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮርዲዬ፣

የምጽፍበት እጅ ያፍራል፤ ቢሆንም ሰላምታዬ ይድረስሽ።

አራት ሐሙስ መጥቻለሁ። ከሰዓት በፊት እማዬ እንዳታየኝ ከመናኸሪያው ውጪ ተሳፍሬ፣ ሲመሽ ደርሼ፣ ከግቢያችሁ ማዶ ካለው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ አሮጌ ጎማ ላይ እቀመጥ ነበር። እናንተ ስትሄዱ እህል ጭኖ ወደ ደቡብ በሚወርድ አይሱዙ ለምኜ ለጠዋቱ እደርሳለሁ። ጎሚስታው መጀመሪያ ሌባ መሰልኩት፤ ኋላ ግን ሚስቴን እየጠበቅኩ ነው ስለው አዘነልኝ። ለምን አትገባም አለኝ። ብገባ "ማታ ዱቄቱን ማን አስዋጣቸው?" ትዪኛለሽ፤ ስለዚህ አልገባሁም።

ማርቆስ አላስዋጣቸውም። ቧንቧውን ጉሮሮ አሳልፎ ማስገባት አይችልም፣ ላም ያንቃል ብዬ ራሴ ከልክዬዋለሁ። ሩታን ደግሞ አንቺ ከላሞቹ አርቃት ብለሽኛል፤ እሷን ብለምናት ለምን እንደምሄድ ልነግራት ነው። ሐሙስ ጠዋት የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ አስዋጥኳቸው። የቀኑ ድርሻቸው ያው ነው፣ ሆዳቸው ውስጥ ገብቶ ይደባለቃል ብዬ ነው። የማታውን እበት ማርቆስ አነሳ። አላጎደልኩም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ማርቆስን አንዴ አይበቃም ወይ ሲለኝ የአንቺን ደብዳቤ አንብቤ ያስረዳሁት እኔው ነኝ።

ምን እንዳየሁ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ምንም አላየሁም። ምንም ስላላየሁ ነው ደግሜ የመጣሁት። ሰው የፈራውን ካየ ያርፋል፤ ካላየ ግን ዛሬ ባላይ በሚቀጥለው አያለሁ ይላል። ያ ዝናብ የመጣ ቀን ኮቱን ሳይ ልቤ ልትቆም ነበር፣ ደግሞም አረፍኩ፤ ይኸው አልኩ። በማግሥቱ ግን ኮት ብቻ መሆኑን አወቅኩ፣ ስለዚህ አራተኛውን ሐሙስም መጣሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ሐሙስ ማታና ዓርብ ጠዋት የተነሳውን እበት አውጪና ጣይው። ከረጢቱ በመንገድ ተቀደደ በይ፣ የማንንም ስም አታንሺ። የቀረው ቀን ንጹሕ ነው። አቤል አያውቅም፣ ዶክተር በላይነህም አያውቁም። ሰኔ ላይ ትመረቂያለሽ፣ እኔም በሕይወቴ ሙሉ እክስሻለሁ።

ያንቺው፣ ምንም ብትዪኝ ያንቺው፣
ዋሲሁን

ቢሾፍቱ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዋሲሁን፣

ጤናህ ይጠበቅ። ሰላምታ ማብዛት ዛሬ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ለእማማ ሙሉጌጥ የሚሆነውን ብቻ አብዝተህ አድርስልኝ፤ ልጃቸው ሴት ጋ አልሄደም በላቸውና እህል ይብሉ።

ዓርቦቹን አውጥተሽ ጣይ ብለሃል። ሞክሬዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ይዤ ተቀምጬ፣ አንተ እንዳልከኝ ልዋሽ እያሰብኩ ሞክሬዋለሁ፣ ስለዚህ ካንተ የተሻልኩ አይምሰልህ። ግን አይሆንም። እጥፉን የዋጠ ሆድ በአንድ ቀን አይረጋም። ቅዳሜ ጥቂት ይወፍራል፣ እሑድ ይሳሳል፣ ሰኞና ማክሰኞም እውነት ይምሰሉ እንጂ እኔ እውነታቸውን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ደህና ረጋ ሲባል ሌላ ሐሙስ ይመጣል። አራት ሐሙስ አይደለም የወሰድክብኝ፤ በጋውን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሁሉም ተሰብስበው ቁጥሩን አዩ። አቤል የእሱን አቀረበ፤ ያምራል፣ አይዛነፍም። የእኔ ተራ ሲደርስ ያ ዓርብ ዓርብ የሚገድፈው ነገር ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ከረጢት ተቀደደ ልል ነበር፣ አፌ ግን እምቢ አለ። ባለቤቴ የማታውን ጠዋት አንድ ላይ ስላስዋጠ ነው አልኩ። ለምን አሉ። ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ከበሩ ማዶ ቆሞ እኔን ሊጠብቅ ስለመጣ ነው አልኩ። አቤል ቀና አላለም። ጆሮው ሲቀላ ግን አየሁት። እሱ ስለ እኔ ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ ጠይቄው አላውቅም፣ አልጠይቀውምም። ኮቱን የሰጠኝ ኮት ስላልያዝኩ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴን ይዤ እወጣለሁ።

የተወሰነውን ልንገርህ። የበጋው ሥራ በአቤል ስም ይወጣል። እኔ ሰኔ ላይ አልመረቅም። በሚቀጥለው በጋ ሁሉንም ከመጀመሪያ እደግመዋለሁ፤ ካልሆነ ግን ዶክትሬቱን እተወዋለሁ። አቤል እንዳይወስድብህ የፈራኸው እኔን ነበር። እኔን አልወሰደም። ሥራዬን ግን አንተ ራስህ አንስተህ እጁ ላይ አኖርክለት፣ እሱ እንኳ አልጠየቀህም።

በእኔ በኩል ያለውን ቅናት አልክድም። ለሩታ ይቅርታ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ስመጣ ራሴ እጠይቃታለሁ፣ ልጅቷ የጻፈችው የላም ስም ብቻ ነው። የእኔ ቅናት እንቅልፍ ነሳኝ፣ እናትህን አስጨነቀ፣ እዚያው ላይ ቆመ። ያንተ ግን ተሳፍሮ መጣ።

ግንቦት ላይ ሀዋሳ እመጣለሁ። ቤታችን እገባለሁ፤ የእኔም ቤት ነው፣ ሌላ ቦታ አልከራይም። ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴ አይደለም፤ ይቅር የምልህን ቀን እኔም አላውቀውም፣ አትጠይቀኝ። በሚቀጥለው በጋ ላሞቹን የማስውጣቸው እኔ ነኝ። እኔ የማልኖርበት ቀን ሩታ ታስውጣቸዋለች። አንተን ከቤቱ አላስወጣሁህም፣ ከሥራው ግን አስወጥቼሃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልዝጋ። ስብሰባው አልቆ ሁሉም ወረቀቱን ሲሰበስብ ዶክተር በላይነህ ወደ እኔ ዞረው፣ ለማሾፍም ለማዘንም በማይመስል ድምፅ፣ "ለመሆኑ ባለቤትሽ አራት ሐሙስ ሙሉ ቆሞ ምን አየ?" አሉኝ።

"ስሠራ አየኝ" አልኳቸው።

ዮርዳኖስ